የቢሮ ልብስ፦ ደንቡን አክብሮ በራስ አለባበስ መሥራት

ቢሮ ውስጥ በአለባበስ ምክንያት ቅሬታ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከማይወልቅ ነገር ነው። ጠዋት የተለበሰ ቀይ ሱፍ እስከ ማታ ቀይ ነው፤ ቀይ ሻርፕ ግን 4 ሰዓት ላይ "ኦዲተሮች መጡ" ሲባል መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ምክር የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰውነት የማይለየው፣ ማለትም ሱፉ፣ ጉርዱና ጫማው፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ይሁን። የራስ ምርጫ በደቂቃ ውስጥ በሚደረበውና በሚወልቀው ላይ ይውጣ። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ቢሮዎች ናቸው፤ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ የሚሠራ ሰው ጨርቁን ያሳሳ፣ ኮቱንም ለስብሰባ ብቻ ይያዝ።

መጀመሪያ ቤቱን ማየት

የተጻፈ ደንብ ካለ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቃችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ግን ንጹሕና ለሥራው የሚመጥን ልብስ ይለበስ ከማለት አያልፍም። እውነተኛው ደንብ ሠራተኛው ላይ ነው ያለው። ለቃለ መጠይቅ የምትሄዱ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት አንድ ቀን ጠዋት፣ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ተቀመጡና ሃያ ሰው ሲገባ እዩ። ኮት የለበሰው ስንት ነው? ከረባት ያሰረ አለ? ጫማው ቆዳ ነው ወይስ ስኒከር? ሴቶቹ ሱሪ ያበዛሉ ወይስ ጉርድ? ዓርብን አትምረጡ፤ ብዙ ቢሮ ዓርብ ላላ ይላል፣ ጂንሱም የባህል ልብሱም የሚታየው ያን ቀን ነው። ሰኞም ስብሰባ ስለሚበዛ ሰው ከወትሮው በላይ ለባብሶ ይመጣል። ማክሰኞና ረቡዕ አያታልሉም።

ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ መለኪያ የሚሆናችሁ የጎን ባልደረባ ሳይሆን የአለቃችሁ አለቃ ነው። እሱ በተራ ቀን ከሚለብሰው አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። እሱ ሁልጊዜ ከረባት ካሰረ ለእናንተ ኮትና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይበቃል፤ እሱ ያለ ከረባት ኮት ብቻ ከለበሰ ሸሚዝና ስስ ሹራብ ያስኬዳል። አለቃው በቲሸርት በሚመጣበት የሶፍትዌር ቢሮ ሙሉ ሱፍ ለብሶ መግባትም ስሕተት ነው። "ዛሬ ሌላ ቦታ ኢንተርቪው አለብህ እንዴ?" የሚላችሁ ሰው ሁልጊዜ እየቀለደ አይደለም።

አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ደንብ ሊኖር እንደሚችልም አትርሱ። ባንክ ቤት ካውንተር ላይ የተቀመጠ ሠራተኛን ደንበኛው የሚያየው ከወገብ በላይ ብቻ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ዓይኑ የሚያርፈው ብር በሚቆጥረው እጅ ላይ ነው። የተላጠ የጥፍር ቀለም፣ የጠቆረ የእጅጌ ጫፍ፣ የተንጠለጠለ ቁልፍ እዚያ ቦታ ላይ ከጫማ በላይ ይታያል። ከጀርባ ክፍል ሰነድ የሚሠራው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያዩት ባልደረቦቹ ናቸው፣ ኮሪደር ላይ ሲሄድ፣ ከእግር እስከ ራስ።

ስንት ልብስ ይበቃል

ለወንድ አንድ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ኮት ከሁለት ሱሪው ጋር፣ አንድ ግራጫ ሱሪ፣ አምስት ሸሚዝ (ሦስቱ ነጭ፣ ሁለቱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ)፣ ሁለት ጥንድ የቆዳ ጫማ፣ በየጫማው ቀለም ቀበቶ፣ ሁለት ከረባት። ለሴት ሁለት ጃኬት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጉርድ፣ አምስት ሸሚዝ፣ ጃኬት የማይፈልግ አንድ እጅጌ ያለው ቀሚስ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ። ከዚህ በላይ ገንዘብ ካለ የሚወልቀው ላይ ይዋል።

ሁለተኛው ሱሪ ትርፍ አይደለም። ሱፍ የሚያረጀው ከሱሪው ነው፤ ጭኑ መሀል ይሳሳል፣ መቀመጫው ያብለጨልጫል፣ ኮቱ ግን ገና አዲስ ነው። በኋላ ተመሳሳይ ጨርቅ ፈልጎ ማሰፋት አይሠራም፤ ጣቃው ሲለይ ቀለሙ ጥቂትም ቢሆን ይለያያል፣ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ስትቆሙም ይጋለጣል። ሁለቱም ሱሪ ከአንድ ጣቃ፣ በአንድ ቀን ይቆረጥ።

ጥቁር ሙሉ ልብስ የመጀመሪያ ግዢ አይሁን። የአዲስ አበባን አቧራ ከሁሉ ቀለም በላይ ያሳያል፣ ርካሽ ከሆነ ፀሐይ ላይ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሌላም አለ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ ሰኞ ጠዋት የገባ ሰው እስከ ምሳ ድረስ "ምነው፣ ሐዘን አለ እንዴ?" እየተባለ ይውላል። ጥቁር የሚወድ ሰው ታችኛውን ጥቁር አድርጎ ከላይ ግራጫ ወይም ነጭ ቢለብስ ጥያቄው ይቀርለታል።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ሻጩ የሚለውን ብቻ አትመኑ። ቁራጩን በጡጫ ጨብጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና ልቀቁት፤ የበግ ሱፍ ያለበት ጨርቅ ቀስ እያለ ራሱን ይዘረጋል። ከተፈቀደላችሁ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ዐመዱም በጣት ይፈጫል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ድብልቅ ጨርቅ ሁለቱንም ያሳያል፣ ለቢሮም ነውር የለበትም፤ ቶሎ አይጨማደድም። ንጹሕ ፖሊስተር ግን ጠዋት ያበርዳል፣ ቀትር ላይ ያልባል፣ ላቡንም ይዞ ይቀራል።

ልብስ ሰፊው ዘንድ

ርካሽ ጨርቅ በልኩ ሲሰፋ ውድ ይመስላል፤ ውድ ጨርቅ ከልክ ውጪ ከሆነ የታላቅ ወንድም ልብስ ይመስላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከጨርቁ ቀንሳችሁ ለስፌቱ ጨምሩ።

ጨርቁ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው መካከለኛ ቁመት ላለው ወንድ ለኮትና ለአንድ ሱሪ 3 ሜትር ከሩብ ያህል፣ ለሁለተኛው ሱሪ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ያህል ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ትልቅ መስመር ወይም ዳማ ጨርቅ መስመሩ እንዲገጣጠም ተጨማሪ ይበላል። ሲለኩ ቢሮ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ፤ በስሊፐር የተለካ ሱሪ በጫማ ሲለበስ ያጥራል። ኪሳችሁ ውስጥ ስልካችሁና ቦርሳችሁ ይኑር።

ግማሽ ተሰፍቶ ሲሞከር ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ተቀመጡ፤ የሱሪው እግር ከካልሲው በላይ ወጥቶ ባት ማሳየት የለበትም፣ ጉርዱም ከጉልበት በላይ አራት ጣት ከወጣ ስብሰባ ላይ ሲያስጨንቅ ይውላል። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ክንድ ወደ ፊት አጣጥፋችሁ ኮምፒውተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው አድርጉ፤ ጀርባው ከተወጠረ ይለቀቅ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያደርገውም፦ አውቶቡስ ውስጥ ብረት እንደያዘ ሰው አንድ ክንድ ወደ ላይ አንሡ። ኮቱ በሙሉ ተከትሎ ከተነሣና ኮሌታው ከአንገት ከራቀ ብብቱ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል ማለት ነው። ሰው የሰፋ ብብት የሚመች ይመስለዋል፣ ልብስ ሰፊውም "ላስፋልህ?" ይላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብብቱ ወደ ሰውነት ቀረብ፣ ወደ ላይ ከፍ ሲል ክንዱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ ኮቱ ቦታው ይቆያል። ይህን ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት የሚመቻችሁን አሮጌ ኮት አምጥታችሁ "ብብቱ እንደዚህ" በሉ።

ከውስጥ የሚጠየቅም አለ። ወገቡ ላይ 3 ሴንቲ፣ እግሩ ላይ 5 ሴንቲ ትርፍ ጨርቅ ይታጠፍ፤ ሰው ይወፍራል። የኮቱ ገበር ጀርባው መሀል ላይ 2 ሴንቲ ያህል እጥፋት ይኑረው፣ አለበለዚያ ክንድ በተዘረጋ ቁጥር ስለሚወጠር በወራት ውስጥ ይተረተራል። ኮቱ ሲያልቅ ከእጅጌው ሥር የሸሚዙ ጫፍ 1 ሴንቲ ይታይ። የከረባቱ ጫፍ የቀበቶው ዘለበት ላይ ይረፍ። የኮቱ የመጨረሻ ቁልፍ ክፍት ይተዋል፤ ሲቆለፍ ዳሌ ላይ ይወጥራል፣ ሲቀረጽም ክፍት እንዲሆን ታስቦ ነው።

ቀጠሮ ስትይዙ የሠርግ ወቅትን አስቡ። ጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማም ልብስ ሰፊ እጁ የሚሞላበት ነው። "ሐሙስ ና" ሲባል የትኛው ሐሙስ እንደሆነ የማይታወቀው ያኔ ነው። ለመስከረም የሚፈለግ ልብስ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይታዘዝ።

ሳልባጅ የምትገዙ ከሆነ አንድ ደንብ ይበቃል፦ ትከሻው ልክ ካልሆነ ጣሉት። ወገብ ይጠባል፣ እግር ያጥራል፣ እጅጌም ያጥራል፤ ትከሻ ግን ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው፣ ዋጋውም ከልብሱ ይበልጣል። ደረቱ ላይ ትናንሽ አረፋ የመሰለ ነገር ካለ ውስጡ በሙጫ የተለጠፈው ጨርቅ ለቋል፣ በካውያ አይመለስም። ብብቱን አሽቱት፤ ሱቁ ውስጥ የሚሸት ልብስ ሲሞቃችሁ ይብሳል።

የራስ የሚሆነው

መሠረቱ ጸጥ ካለ አንድ ነገር ጮክ ሊል ይችላል። አንድ ስንል አንድ ነው። ደማቅ ሻርፕ ከሆነ ጉትቻው ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ የብር ጉትቻ ከሆነ አንገቱ ባዶ ይሁን። ሁለት ሲሆን ሰው የሚያስታውሰው ጌጡን እንጂ የተናገራችሁትን አይደለም።

ጥለት ለዚህ የሚመች ነገር ነው፣ ሲበላሽም በሁለት መንገድ ይበላሻል። ሸሚዝ ኮሌታ ወይም የጃኬት እጅጌ ጫፍ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ስፋት ያለው ጥለት ማሰፋት የምትፈልጉ ከሆነ ሳይታጠብ እንዳይሰፋ። የጥጥ ክር መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሸሚዙ ደግሞ አይሰበሰብም፣ ውጤቱ ከአንድ እጥበት በኋላ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የተጠማዘዘ ኮሌታ ነው። ስለዚህ ጥለቱ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ተተኩሶ ይሰፋ። ከዚያ በፊት ቀለሙን ፈትኑ፦ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቀይ ወይም ጥቁር አሻራ ከተወ ነጭ ሸሚዝ አይጠጋ፤ ለሚፈታና ለብቻው ለሚታጠብ ነገር፣ ለምሳሌ ለቦርሳ፣ አውሉት። ጨው ውስጥ ነክሮ ቀለም ማስያዝ የሚባለው አያስተማምንም።

ወንድ ልጅ ከረባት ማሰር የማይወድ ከሆነ ኮሌታ የሌለው፣ ደረቱ ላይ ቀጭን ጥልፍ ያለው ነጭ የአገር ባህል ሸሚዝ በጠቆረ ኮት ውስጥ ጥሩ መልስ ነው። ያለ ከረባት የተከፈተ ኮሌታ ግድየለሽ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ግን ታስቦበት እንደተለበሰ ያስታውቃል። ጥልፉ ከደረቱ አጋማሽ በታች ከወረደና ሦስት አራት ቀለም ከያዘ ለበዓል ይቆይ።

የበዓል ዋዜማ ወይም የባህል ልብስ ቀን ሲሆን ሙሉ ሐበሻ ቀሚስ መልበስ የሚፈለግ ነው፣ ነገር ግን ቀሚሱ ለድግስ እንጂ ለወንበር አልተሰፋም። ሸማው ስስ ስለሆነ መስኮት ፊት ሲቆም ያሳያል፤ ውስጡ ነጭ ሳይሆን የሰውነት ቀለም ያለው ገበር ይሁን፣ ነጭ ከሥር ጎልቶ ይታያል። ርዝመቱ ጫማ ተደርጎ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው መሬት የሚነካ ቀሚስ ይረግጣል። ነጠላውን በቁመቱ አጣጥፋችሁ አንድ ትከሻ ላይ ጣሉና በትንሽ መርፌ ቁልፍ ከውስጥ ያዙት። እንዲሁ ከተለቀቀ ጫፉ ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር ውስጥ ይገባል፤ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ፈትሉ ይጠመጠማል፣ በመቀስ ካልሆነ አይወጣም። ወንበር ላይ ስትቀመጡ ነጠላውን ጭን ላይ ሰብስቡት። ጥለቱን ወደ አንገትና ወደ ፊት አዙሮ መከናነብ የለቅሶ አለባበስ ስለሆነ ለሳቅ ቀን አይሆንም።

ባህል ልብስና ዘመናዊ ልብስ መቀላቀል የሚወድ ሰው አንዱን ዋና ያድርግ። ጥልፍ ያለው ጉርድ ከሆነ ከላይ ባዶ ሸሚዝና ጃኬት፤ የሸማ ሸሚዝ ከሆነ ከታች ተራ ሱሪ። ላይም ታችም ጥለት፣ ጫማውም ጥለት ሲሆን የባህል ምሽት አስተናጋጅ ያስመስላል፣ እነሱም ቢሆኑ ያንን የሚለብሱት ሥራቸው ስለሆነ ነው።

በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ደንቡ ትንሽ ይለወጣል። ቀጫጭንና ተቀራራቢ መስመር ያለው ሸሚዝ ካሜራ ላይ ይርገበገባል። ደማቅ ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ካሜራው ብርሃኑን እንዲቀንስ ስለሚያደርገው ጠይም ፊት ይጨልማል፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ክሬም ወይም ግራጫ ልበሱና ወደ መስኮቱ ዙሩ፤ መስኮት ከጀርባ አይሁን።

ፀጉር፣ ጢም፣ ሂጃብ፣ ሽታ

እነዚህ ከሚወልቀው ወገን አይደሉም፤ ስለዚህ ቀን አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃሉ። ሽሩባ ከተሠራ ሁለት ሳምንት ይቆያል። የተለየ ወይም ቀለም የተቀላቀለበት ሽሩባ ከመሠራቱ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ቀጠሮ እዩ። አፍሮና ድሬድ ጠርዙ ከጸዳ፣ ግንባሩና አንገቱ ላይ መስመሩ ከተያዘ የሚቃወመው ያንሳል፤ ቅሬታ የሚያመጣው ርዝመቱ ሳይሆን ያልተያዘ መምሰሉ ነው። ጢምም እንዲሁ፣ ግን አንድ ልዩ ነገር አለው። እኛ ዘንድ ሐዘን ያለበት ሰው ጢሙን ይተዋል። ጢም ልታሳድጉ ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ዕረፍት ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሰው ማጽናናት ይጀምራል።

ሂጃብ የምትለብሱ ከሆነ ለቢሮ የሚመቸው የማያንሸራትት ጥጥ ወይም ቪስኮስ ነው። ሺፎን ያምራል፣ ግን ከሥሩ ቆብ ካልተደረገ በየሰዓቱ ይንሸራተታል፣ መርፌውም ስሱን ጨርቅ ይቀዳል፤ በመርፌ ፋንታ ማግኔት ተጠቀሙ። ከጃኬቱ ቀለም ጋር የሚሄዱ ሦስት ተራ ሂጃቦችና አንድ ባለ አበባ ይበቃሉ። ማሽን አጠገብ ወይም ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ጫፉ ጃኬት ውስጥ ይግባ። ማተብም እንዲሁ፤ ለማሽን ሥራ ልብስ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ እንደ ፍላጎት።

ለጋ ቅቤ ዓርብ ማታ ይቀባ፣ እሑድ ይታጠብ። ሰኞ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ የታተመ ቅባት በተራ ሳሙና አይለቅም፤ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ደረቁ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ ሩብ ሰዓት ማቆየት ያስለቅቀዋል። ወይባ የምትሞቁ ከሆነ ሱፉን ከክፍሉ አውጡት፣ የበግ ሱፍ ጢስ ይይዛል። ሽንኩርት የሚቁላላበት ቤት ውስጥ ኮት በር ጀርባ መስቀልም ያው ነው። ሽቶ አንድ ጊዜ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት ሩብ ሰዓት አስቀድሞ፤ ታክሲ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ።

መንገዱና እጥበቱ

ክረምት ላይ የቢሮ ጫማ በፌስታል ይሂድ፣ እግር ላይ ቦት ይሁን። ጭቃ የነካው ሱሪ በእርጥቡ አይፈተግ፤ ወደ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ በብሩሽ ይረግፋል። የረጠበ ጫማ ጋዜጣ ተጎስጉሶበት ጥላ ላይ ይደር፣ ምድጃ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። ሁለት ጥንድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ላቡ ይደርቃል፣ ሁለቱም ዕድሜ ያገኛሉ። ሊስትሮው ፈሳሽ ቀለም አንሥቶ ሊቀባ ሲል "በቅባት አድርግልኝ" በሉት፤ ፈሳሹ ለዕለቱ ያበራል፣ ሲደራረብ ግን ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይፈረፈራል። ተረከዙ ቀጭን ጫማ ኮብልስቶን ላይ ይሰበራል፤ 5 ሴንቲ የሆነ ሰፊ ተረከዝ ቁመቱንና መንገዱን ያስታርቃል።

ሱፍ በየሳምንቱ አይታጠብም። ማታ ሰፊ መስቀያ ላይ ይዋል፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ አንድ ቀን ይረፍ። ላውንደሪ ሲሄድ ኮትና ሁለቱም ሱሪ አብረው ይሂዱ፣ ሱሪው ብቻ ከታጠበ ከኮቱ ቀድሞ ይነጣል። ጠቆር ያለ ጨርቅ በካውያ ሲነካ ስስ እርጥብ ጨርቅ መሀል ይግባ፤ ካውያ በቀጥታ ሲያርፍበት የሚመጣው ማብለጭለጭ አይለቅም። ነጭ ሸሚዝ ላይ በረኪና የምታፈሱ ከሆነ ምልክቱን እዩ፦ ፖሊስተር ወይም የሚለጠጥ ክር ካለበት በረኪናው ቢጫ ያደርገዋል። ኮሌታውን ከማጠብ በፊት በሳሙና አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። አምስቱንም ሸሚዝ እሑድ ተኩሱ፤ ሰኞ ጠዋት መብራት ስለመኖሩ ማንም አልማለም።

የደንብ ልብስ ካለ፣ አለቃም ከተናገረ

የደንብ ልብስ ሲሰጥ መብታችሁ ልኩ ላይ ነው። ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ቁልፍ ማጠንከር ይቻላል፤ ትርፉ ጨርቅ ግን አይቆረጥ፣ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ቤት ሲለቁ ይመለሳል። ኮሌታና ኪስ መለወጥ ሳይጠየቅ አይደረግም። ሰዓት፣ መነጽር፣ ጫማ፣ ከውስጥ የሚለበስ ሹራብ፣ የፀጉር ማስያዣ የእናንተ ናቸው።

አለቃ ስለ አለባበሳችሁ ከተናገረ እዚያው አትከራከሩ፣ ያንኑ ዕለት ለብቻው አግኙት። "ያሉኝን ላስተካክል ፈልጌ ነው፤ ያስቸገረው ቀለሙ ነው፣ ርዝመቱ ነው፣ ወይስ ደንበኛ ፊት መሆኑ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጠበቃችሁት ያነሰ ይሆናል፤ "ጉርዱ አይደለም፣ ከሚኒስቴር ሰዎች ስለመጡ ነው" ይላል። አዲስ ነገር ማስፈቀድ ከፈለጋችሁም በጥያቄ ሳይሆን በሙከራ ሂዱ፤ እንግዳ በሌለበት ቀን ልበሱትና "ይህ ለተራ ቀን ያስቸግራል?" በሉ። ዓይቶ የፈቀደው አይረሳም። ነገሩ ከሃይማኖት ወይም ከፆታ ጋር የተያያዘ ከሆነና ለሌላው የተፈቀደው ለእናንተ ከተከለከለ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእነዚህ ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ክልከላው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ቀኑንም መዝግቡ።

መሳቢያ ውስጥ

ከቢሮ የማይወጣ አንድ ጠቆር ያለ ጃኬት ወንበር ጀርባ ላይ ሳይሆን መስቀያ ላይ ይኑር፤ ወንበር ላይ የዋለ ኮት ትከሻው ይጎብጣል። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ፦ መርፌና ጥቁርም ነጭም ክር፣ አራት የመርፌ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ትርፍ ቁልፍ፣ ትንሽ የልብስ ብሩሽ፣ የጫማ ጨርቅ፣ አንድ ካልሲ ወይም ስቶኪንግ። ሴቶች ከእነዚህ ጋር የታጠፈ ነጭ ነጠላና ጠቆር ያለ ሻርፕ ያስቀምጡ። የባልደረባ ቤተ ሰብ ሲያርፍ ቢሮው በሙሉ ከምሳ በኋላ በአንድ መኪና ለቅሶ ይሄዳል፣ ወሬውም የሚመጣው ደማቅ ቢጫ ሸሚዝ በተለበሰበት ቀን ነው። ወንዶችም ያን ቀን ከረባቱን ፈትተው ጃኬቱን ይደርባሉ።